ወታደር ያልነበረ መሪ አገሩን አይወድም ማለት ነው?

የጉለሌው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፖለቲካ በተወራበት ሁሉ የማትጠፋ አባባል አለች፣ "የጥይት ድምፅ ያልሰማ ሰው ስለ አገር ፍቅር ምን ያውቃል" የምትል። ሰው ደጋግሞ ስለሚላት ማንም ሳይጠይቃት ታልፋለች፣ እኔ ግን አልዋጥልህ ስላለችኝ እስቲ በደንብ እንወያይባት ብዬ ነው።

መጀመርያ ግልፅ ላድርግ፣ ወታደርነትን ላንኳስስ አይደለም የመጣሁት። ሰው ልጁን መከላከያ ልኮ ስልክ እየጠበቀ እንዴት እንደሚያድር አውቃለሁ፣ በኛም ቤት አለ። የኔ ጥያቄ ስለ መሪ ነው። አንድ ሰው በ20 ዓመቱ መሳርያ ስለያዘ በ45 ዓመቱ ቤተ መንግስት ሲገባ አገሩን ይወዳል ለማለት ማስረጃ ይሆነናል ወይ? አይሆንም ባይ ነኝ።

ከራሳችን ታሪክ ሁለት ሰው ላንሳ። ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ወታደር ሆነው አያውቁም፣ ፈረንሳይ አገር ሕግ የተማሩ ሰው ናቸው። ጣልያን አገሩን ሲይዘው ፓሪስ ሆነው የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ሲሟገቱ ከረሙ፣ በ1937 ሳንፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግስታት ቻርተር ሲፈረም ነበሩ፣ ከዛ የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ፣ ከዛ የኤርትራ ጉዳይ በተመድ ዓመታት ሲጎተት ቆይቶ በህዳር 1943 ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ያገናኘው ውሳኔ 390 እስኪያልፍ ድረስ የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። አንድ ጥይት አልተኮሱም፣ ግን ከጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ በዲፕሎማሲ ያስመለሰችው ነገር ሁሉ ላይ እጃቸው አለበት። እኚህ ሰው ህዳር 14 ቀን 1967 ለሊት ያለምንም ፍርድ ከሌሎች ወደ 60 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር ተረሸኑ። የረሸኗቸው ወታደሮች ናቸው፣ ያውም "ኢትዮጵያ ትቅደም" እያሉ።

ሁለተኛው ሰው ሌ/ኮሎኔል መንግስቱ ኃይለማርያም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወታደር፣ ከሆለታ የወጣ መኮንን። እስከ መጨረሻው እንዋጋለን ሲል ሲል ግንቦት 13 ቀን 1983 በአውሮፕላን ወጥቶ ሄደ፣ እስከዛሬም ዚምባብዌ ነው። ሰራዊቱ ገና ግንባር ላይ ነበር'ኮ!

ታድያ በወታደርነት ብንለካ ኖሮ የቱን ነበር አርበኛ የምንለው? እኔ የማምነው መሪ የሚለካው ስልጣኑ እጁ ላይ እያለ ምን አደረገ በሚለው ነው፣ ከዛ በፊት ምን ለበሰ በሚለው አይደለም። የማትስማሙ ካላችሁ ምክንያታችሁን አምጡ፣ ስድብ ግን ይቅርብን።

ቆፍጣናው፦
የጉለሌው ጥሩ ፅፈሃል ግን አልስማማም። መንጌን አምጥተህ ሙሉ ወታደሩ ላይ መፍረድ ትክክል አይደለም። አንድ ሰው ሸሸ ብለህ ነው'ንዴ? የሸሹ ሲቪሎችንም እኮ መቁጠር እንችላለን፣ የአፍጋኒስታኑ አሽራፍ ጋኒ ምሁር ነበር፣ ፕሮፌሰር፣ ታሊባን ካቡል በር ላይ ሲደርስ በ2013 ነሀሴ ውልቅ ብሎ ሄደ። ምሁርነቱ አላቆመውም።

አሁን የኛን ሕዝብ ተመልከተው። ለምንድነው መሪውን ጦር ሜዳ ላይ የሚፈልገው? ያደገበት ስለሆነ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ሞቱ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በ1881 እየተዋጉ ወደቁ። ምኒልክና ጣይቱ አድዋ ድረስ ዘመቱ፣ እቴጌይቱ መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውሃው ይያዝ ያሉት እዛው ቦታው ላይ ሆነው ነው። እንደዚህ አይነት ታሪክ ያለው ሕዝብ አንድ ቀን እንኳን ምሽግ አድሮ የማያውቅ ሰው "ዝመቱ" ሲለው ለምን እንደሚከብደው ሊገባህ ይገባል።

እና ደግሞ እውቀትም ነው። ሰው ሲሞት ያላየ ሰው ሞት ለሱ ሪፖርት ነው። "ይሄን ያህል ጉዳት ደረሰ" ብለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለታል፣ ይፈርማል፣ ምሳውን ይበላል። ያየ ሰው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ እጁ የሚንቀጠቀጠውን ነው የምመርጠው።

ብላቴ83፦
ግንቦት 13 ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ያኔ ብላቴ ነበርኩ። ለማታውቁ ልጆች፣ በ1983 ዩኒቨርስቲ ተዘግቶ ተማሪው ወደ ሲዳሞ ብላቴ ማሰልጠኛ ገባ፣ እናት አገር ተጠራች ተባለ ሄድን። መንግስቱ ያን ቀን ከአዲስ አበባ የወጣው ብላቴ ሰልጣኞቹን ሊጎበኝ ነው ተብሎ ነው። እኛን! እኛ እየጠበቅን አውሮፕላኑ ናይሮቢ አረፈ። ከዛ በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አዛዥ የለ መንግስት የለ፣ በእግር ወደ ሞያሌ፣ ኬንያ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ፣ እኔ በመጨረሻ አሜሪካ ደረስኩ። አብረውኝ ከነበሩት ያልደረሱ አሉ።

ስለዚህ ቆፍጣናው ወንድሜ "ያየ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል" ስትል እኔ ያየሁት መሪ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሞት ደጋግሞ ያየ ሰው አንዳንዴ የበለጠ ይራራል አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ይለምደዋል፣ ወታደርነቱ ብቻውን የቱ እንደሚሆን አይነግርህም።

እዚህ አሜሪካ ይሄን ክርክር በየምርጫው አያለሁ። በ1992 በፈረንጆቹ ቢል ክሊንተን ቬትናም አልዘመተም ተብሎ ብዙ ተባለ፣ ተቃዋሚው ትልቁ ቡሽ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኑ ፓስፊክ ላይ ተመቶ የወደቀ ሰው ነው፣ ሕዝቡ ግን ክሊንተንን መረጠ። በ1996ም ጣልያን ውስጥ ቆስሎ እጁ የቀረውን ቦብ ዶልን ትቶ ክሊንተንን ደገመው። 2004 ደግሞ የባሰ ነበር። ጆን ኬሪ ቬትናም ሄዶ ተዋግቶ ሶስት ጊዜ ቆስሎ ሜዳልያ ይዞ የመጣ ሰው ነው፣ ትንሹ ቡሽ በዛ ጊዜ ቴክሳስ ውስጥ በብሔራዊ ዘብ አየር ኃይል ነው ያሳለፈው። የተጠረጠረው ግን የማን አርበኝነት መሰላችሁ? የኬሪ! ሜዳልያው ውሸት ነው የሚል ማስታወቂያ በቴሌቭዥን ሲለቀቅ ከረመ። 2008 ላይ ማኬይን ሀኖይ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ የጦር ምርኮኛ ሆኖ የተሰቃየ ሰው አንድም ቀን ዩኒፎርም ባልለበሰ ኦባማ ተሸነፈ።

ከዚህ የገባኝ ነገር ቢኖር ውትድርና መለኪያ ነው የሚሉት ሰዎች ራሳቸው መለኪያውን የሚያወጡት የራሳቸው ሰው ሲያልፍበት ብቻ ነው። ያኛው ወገን ወታደር ሲያመጣ ወይ ውሸት ነው ይሉታል ወይ ጉዳዩ አይነሳም።

ቆፍጣናው፦
ጋሼ ብላቴ ይቅርታ፣ ያሳለፉትን አላወቅኩም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ግን፣ ያኔ ሊጎበኛችሁ ይመጣል የተባለው ሰው ሲቪል ቢሆን ኖሮ ህመሙ ይቀንስ ነበር? ለኔ እኮ በጣም የሚያመው ወታደር ሆኖ ነው ያን ያደረገው። ያ ማለት ከወታደር የተሻለ ነገር እንጠብቃለን ማለት ነው። የምንጠብቀው ደግሞ ያለምክንያት አይደለም።

ብላቴ83፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ ወታደር በመሆኑ የበለጠ አሞናል። እንጠብቅ ነበር፣ ልክ ነህ። ግን የጠበቅነው ነገር ነው ያስበላን፣ ወታደር ነው አይሸሽም ብለን ሌላ ምንም ሳንጠይቅ ነው የተከተልነው።

የናቅፋው ጡረተኛ፦
ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። እኔ ከ1971 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሰራዊት ውስጥ ነበርኩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ናቅፋ ግንባር፣ ሬድዮ ኦፕሬተር። ይሄን የፃፋችሁትን ሁሉ አነበብኩት።

ሁላችሁም ስለ ሽሽቱ ታወራላችሁ። እኛን የገደለን ሽሽቱ አይደለም፣ ከሱ በፊት የሆነው ነው። ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ የናደው እዝ አዛዥ ነበሩ። ወታደሩ ይወዳቸው ነበር፣ ምክንያቱም ምሽግ ድረስ ይመጡ ነበር፣ የምንበላውን ይጠይቁ ነበር። በየካቲት 1980 መንግስቱ አስመራ ድረስ መጥቶ አስረሸናቸው። ወሬው በሬድዮ ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ ነው የደረሰን፣ እኔ እራሴ መልእክት አስተላላፊ ሆኜ ማመን አቃተኝ። በወሩ መጋቢት ላይ የእዙ ሰፈር አፍአበት ተደመሰሰ። ናደው የሚባል እዝ በሶስት ቀን ፈረሰ። ከዛ ሚያዝያ አለፈ ግንቦት አለፈ፣ በዓመቱ ግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ ሊገለብጡት ሞከሩ ከሸፈ፣ ጄኔራል መርዕድ እና ጄኔራል አምሃ ራሳቸውን ሰዉ፣ ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ፣ የቀሩትን 12 ጄኔራሎች ከአንድ ዓመት በኋላ ረሸናቸው። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ሀረር አካዳሚ፣ ሆለታ፣ ኦጋዴን ላይ የተዋጉ፣ ውጪ አገር ድረስ የተማሩ። አንድ አገር በ30 ዓመት የማትተካቸው ሰዎች ናቸው።

ይሄን ያደረገው ወታደር ነው። ወታደርነቱ ምን አደረገለት? አዛዥ የሚፈራውን ነገር አስተማረው፣ ማን ሊገለብጠው እንደሚችል አሳየው፣ ምክንያቱም እሱም የመጣው በዛው መንገድ ነው። ሲቪል መሪ ቢሆን ጄኔራሎቹን ይሰማ ነበር ወይ አይሰማም እግዜር ይወቀው። እኔ የማውቀው ከወታደር በላይ ወታደርን የሚጠረጥር እንደሌለ ነው።

ግን ልጄ ቆፍጣናው የምትለውም ገብቶኛል። ምሽግ ውስጥ ሆነህ የሚያዝህ ሰው ቀበቶ የማሰር ችግርን የማያውቅ ሲሆን ያናድዳል። ብሔራዊ ውትድርና ብለው በ1975 ባወጁት ሕግ እየታፈሱ የመጡ ልጆችን አይቻለሁ፣ የ18 ዓመት ተብሎ የ15 ዓመት ልጅ። ከካድሬ ልጅ አንድም አላየሁም። መሪውን የምትለኩ ከሆነ በሱ ለኩት።

የጉለሌው፦
አባቴ እናመሰግናለን። ይሄን መፃፍ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ቆፍጣናው ላነሳኸው ልመልስ። የጠቀስካቸውን ነገስታት እንደገና እያቸው፣ ዮሐንስ መተማ ላይ የሞቱት ንጉስ ሆነው ነው። ምኒልክ አድዋ የዘመቱት ንጉሰ ነገስት ሆነው ነው። ሕዝቡ የሚያከብራቸው በወጣትነታቸው የት አገለገሉ ብሎ አይደለም፣ ስልጣን ላይ እያሉ ራሳቸውን አደጋ ውስጥ ስላስገቡ ነው። ይሄ ደግሞ ልክ እኔ የምለው ነው። የዩክሬኑን ዘለንስኪ ውሰድ፣ ኮሜዲያን ነበር፣ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ የካቲት 2014 የሩስያ ጦር ኪየቭ ዙርያ ሲደርስ ከተማው ውስጥ ቆመ። ፔታን ደግሞ በ1916 በፈረንጆቹ ቨርደንን የተከላከለ የፈረንሳይ ጀግና ነበር፣ በ1940 ለሂትለር ያጎበደደውን የቪሺ መንግስት የመራው እሱ ነው፣ በኋላም በአገር ክህደት ተፈረደበት። የጦር ጀግንነቱ እውነት ነበረ፣ ክህደቱም እውነት ነበረ።

ከአሽዶድ፦
ሻሎም ሰላም። እኔ የምኖረው ይሄ ጥያቄ ቀልድ በማይሆንበት አገር ነው። መንግስቱ በሄደ በሶስተኛው ቀን በዘመቻ ሰለሞን ህፃን ሆኜ የመጣሁ ነኝ፣ እዚህ አደግኩ ሰራዊት ገባሁ ጨረስኩ፣ አሁንም ሚሉኢም (የተጠባባቂ ጦር አገልግሎት) ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። እስራኤል ውስጥ ስራ ስትጠይቅ ሳይቀር የት አገለገልክ ትባላለህ። ከፖለቲከኞቹም ከኤታማዦር ሹምነት ወደ ክኔሴት (ፓርላማው) የገቡ ብዙ ናቸው።

ታድያ ምን አየን? በ1973 በፈረንጆቹ የዮም ኪፑር ጦርነት ሲነሳ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጎልዳ ሜየር ነበረች፣ የሰራዊት ሰው ያልሆነች ሴት። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን፣ አንድ አይኑ የተሸፈነው በዓለም የታወቀው ጀግና። በመጀመርያዎቹ ቀናት የተሰበረው ዳያን ነው፣ ሁሉ ነገር አለቀ ያለው እሱ ነው፣ እሷ ነች ጸንታ የቆመችው። ግን ደግሞ ለዛ ጦርነት ሳይዘጋጁ መያዛቸው የሁለቱም ጥፋት ነው፣ ጎልዳ አጣሪው ኮሚሽን በቀጥታ ባይወቅሳትም በሚቀጥለው ዓመት ስልጣኗን ለቀቀች። ይሄን ለእሷ እቆጥርላታለሁ።

ራቢን ደግሞ 27 ዓመት ወታደር፣ በስድስቱ ቀን ጦርነት ኤታማዦር ሹም። ሰላም ሲፈርም ከሃዲ ተባለ፣ በ1995 አንድ አይሁዳዊ ተኩሶ ገደለው። ገዳዩም ሰራዊት ያገለገለ ነው፣ ጎላኒ ብርጌድ። ሁለቱም አገልግለዋል፣ አንዱ ሌላውን አገር አይወድም ብሎ ገደለው። ይሄ ነገር ካሰባችሁት በውትድርና የሚለካ አርበኝነት የት ድረስ እንደሚያስኬድ ያሳያል።

ለኛ ለቤተ እስራኤል ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ልጆቻችን እየሮጡ ነው ሰራዊት የሚገቡት፣ ያገለገለ እኩል ነው ስለተባልን። በ2015 በፈረንጆቹ ዩኒፎርም የለበሰ የኛ ልጅ ሆሎን ከተማ ላይ በፖሊስ ሲደበደብ ቪዲዮው ወጣ። ዩኒፎርሙን ለብሶ! ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ወጥተን ጮህን። እና መለኪያ ነው የሚሉን ሰዎች እኛ ስናልፈው መለኪያውን ሲረሱት አይተናል። ማገልገሌን አልጠላውም፣ ኮርቼበታለሁ፣ ልጄም ይገባል። ግን አንድ ፖለቲከኛ አገልግያለሁ ብሎ ሲመጣ ጥሩ ቀጥል እለዋለሁ፣ ድምፄን አልሰጠውም በዛ ብቻ።

ቆፍጣናው፦
ስለ ጎልዳ አላውቅም ነበር። ግን የጉለሌው ስልጣን ላይ እያለ መቆም ነው መለኪያው ካልክ አፄ ኃይለስላሴን ምን ልታደርጋቸው ነው? አገሩ ሲወረር ወጥተው ሄዱ። ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት ሸዋ ላይ ሲዋጉ፣ በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ ሲዋጋ እሳቸው እንግሊዝ አገር ነበሩ። በራስህ መለኪያ ወደቁ ማለት ነው።

መምህሩ ከማርቆስ፦
እዚህ ላይ ልግባ፣ የማስተምረው ነገር ስለሆነ። ንጉሱ ዝም ብለው አልሄዱም፣ መጋቢት 1928 ማይጨው ላይ ራሳቸው ተሰልፈው ተዋግተዋል። ጦሩ ከተበተነ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ምክር ተደረገ፣ አብዛኛው ይውጡ ጄኔቫ ሄደው ይክሰሱ አለ፣ ብላታ ታከለ ወልደሐዋርያት የመሳሰሉ ደግሞ ንጉስ አገር ጥሎ አይወጣም ብለው ተከራከሩ። ሚያዝያ 24 ወጡ። በሰኔ ወር ጄኔቫ ላይ ያደረጉት ንግግር የታወቀ ነው። ሊግ ኦፍ ኔሽንስ አልሰማቸውም፣ ይባስ ብሎ በሚቀጥለው ወር ጣልያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ አነሳ። ግን ኢትዮጵያ ስሟ ሳይጠፋ የቆየችው አንድ ሰው ሕጋዊ ነኝ ብሎ በውጪ ስለቆመ ጭምር ነው፣ ጥር 1933 በሱዳን ድንበር በኦሜድላ ሲመለሱም ለእንግሊዝ ይሄ አገር ባለቤት አለው ማለት ተችሏል።

ታከለ ትክክል ነበሩ ወይ ንጉሱ? እኔ ለብዙ ዓመት ንጉሱን ነበር የምወቅሰው፣ እዚህ አገር ያደገ ሰው ሌላ አይጠበቅበትም፣ በላይ ዘለቀን ከነፃነት በኋላ በ1937 ሰቅለውታልና። ዛሬ ስለ መውጣታቸው ብዙ አልወቅሳቸውም። ስለ ስቅላቱ እወቅሳቸዋለሁ። የተለኩት ሲመለሱ ነው፣ አምስት ዓመት ዱር የከረመውን ሰው እንዴት ያዙት በሚለው።

ቆፍጣናው ልጄ አንድ ስም ልጨምርልህ፣ ደጃዝማች ኃይለስላሴ ጉግሳ። የጦር አዛዥ፣ የመሳፍንት ዘር፣ የንጉሱ አማች የነበረ። ጦርነቱ በተጀመረ በሳምንቱ በ1928 መቀሌን ትቶ ወደ ጣልያን ገባ። በዛው ጦርነት ሎሬንሶ ታዕዛዝ የሚባል የቢሮ ሰው፣ ዲፕሎማት፣ ጣልያን አገሩን ይዞ እያለ በድብቅ ጎጃም ገብቶ አርበኞቹን አገናኝቶ ወጣ። ከአዛዡና ከጸሐፊው ማን ነበር ወታደር?

ትርሲት፦
እስካሁን ስታወሩ የሴት ስም ጣይቱና ጎልዳ ብቻ ነው የተነሳው። ውትድርና መለኪያ ከሆነ እኮ ግማሹ ሕዝብ ከመነሻው ከመሪነት ወጣ ማለት ነው፣ አካል ጉዳተኛውም ወጣ። ሸዋረገድ ገድሌን አስቡ፣ ሀብቷን ለአርበኞች ጥይትና መድሃኒት ያዋለች፣ ተይዛ የተገረፈች፣ ጣልያን አዚናራ ደሴት የታሰረች፣ ተመልሳም ያላቆመች ሴት። በየትኛው ጦር ሰራዊት መዝገብ ላይ ነበረች? የውስጥ አርበኞች በሙሉ እኮ እንደዛ ናቸው፣ ቀን ጣልያን ቢሮ ይሰራሉ ማታ መረጃ ያወጣሉ። እነሱ ባይኖሩ ዱር ያለው በምን ይዋጋ ነበር?

ቆፍጣናው፦
እህቴ ትርሲት እነሸዋረገድን አርበኛ አይደሉም ያለ የለም። ጣይቱን እኔ ነኝ ያነሳሁት'ኮ።

ትርሲት፦
አውቃለሁ ወንድሜ፣ አንተን አይደለም። መለኪያውን ነው።

ሐዋሳ ሕግ፦
በሕግ በኩል ትንሽ ልበል። የ1987ቱ ሕገ መንግስት አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርገዋል፣ ወታደር የነበረ ይሁን ግን አይልም። አንቀጽ 87 ጭራሽ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ነው የሚሆነው ይላል፣ ሰራዊቱም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ይስራ ይላል። ይሄን የፃፉት በአብዛኛው በረሃ የታገሉ ሰዎች መሆናቸው ይገርመኛል። በ2011 ኢንጂነር አይሻ መሀመድ የመጀመርያዋ ሴት መከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑ ብዙ ሰው ምን ታውቃለች ሲል ነበር፣ ሕጉ ግን የሚፈልገው ልክ ያን ነው። መሳርያ የያዘው መሳርያ ለሌለው መልስ እንዲሰጥ።

ብላቴ83፦
አዎ ፅፈውታል፣ ኖረውበታል ወይ ሌላ ጥያቄ ነው። የኢህአዴግን ዘመን አስታውሱ፣ ሰው ጥያቄ ሲያነሳ መልሱ ሁሌም 17 ዓመት ታግለን ደም ከፍለን ነበር። አስመራም ያው ነው፣ የታገሉት ሰዎች የ18 ወር ብሔራዊ አገልግሎት ብለው ጀምረው ማብቂያ የሌለው አደረጉት፣ ወጣቱ በረሃና ባህር አቋርጦ የሚሰደደው ከዛ ነው። እኔ አገልግሎት መለኪያ ሲሆን በጣም የምፈራው ይሄን ነው። የከፈለ ሰው ተመላሽ ይጠይቃል።

ቆፍጣናው፦
እሺ በህዳር 2014 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግንባር እዘምታለሁ ብለው ሲሄዱስ? ወታደር የነበሩ፣ ስልጣን ላይ ያሉ፣ ራሳቸው የሄዱ። የሁለታችሁንም መለኪያ ያሟላል።

የጉለሌው፦
ይሄ ክር ወደዛ ከሄደ ማቆምያ የለውም፣ ግን ስለጠየቅክ የማምነውን እነግርሃለሁ። ያኔ ብዙ ሰው በድሮው ንጉስ አይን አይቶ ኮርቷል፣ የኮራበት ስሜት ይገባኛል። እኔ ግን መተማና አድዋ ከውጪ ጠላት ጋር ነው። የዛ የሰሜኑ ጦርነት ሙታን በሁለቱም በኩል የኛው ልጆች ናቸው፣ ትግራይም አማራም አፋርም። እንደዛ አይነት ጦርነት ላይ መሪን የምለካው ግንባር በመሄዱ አይደለም፣ ጦርነቱ እንዳይጀመር ምን አደረገ፣ ከተጀመረ በኋላ በስንተኛው ወር ቆመ በሚለው ነው። የፕሪቶርያው የሰላም ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ካለፈ በኋላ። የሁሉንም ወገን መሪዎች ነው የምለው፣ እዛም ማዶ የነበሩት ብዙዎቹ የድሮ ታጋዮች ናቸው።

ከአሩሻ ያለሁ፦
አንድ ምሳሌ ብቻ። ኢዲ አሚን በእንግሊዝ ቅኝ ጦር ውስጥ ያደገ ወታደር ነበር፣ ደረቱ ላይ ሜዳልያ ማስቀመጫ አልነበረውም። የዚህ የታንዛንያ መሪ የነበሩት ኔሬሬ ደግሞ አስተማሪ ነበሩ፣ እስካሁንም ሕዝቡ ምዋሊሙ (መምህር) ነው የሚላቸው። በ1978 በፈረንጆቹ አሚን የታንዛንያን ካጌራ ሲይዝ አስተማሪው ጦሩን አሰልፈው በሚያዝያ 1979 ካምፓላ ድረስ አባረሩት። ወታደሩ ሸሸ፣ ሊቢያ ከዛ ሳኡዲ። አስተማሪው በ1985 ስልጣን በፈቃዳቸው ለቀው መንደራቸው ገቡ።

የናቅፋው ጡረተኛ፦
የኔሬሬውን በሬድዮ ሰምተነዋል ያኔ።

ልጄ ቆፍጣናው፣ የሚወዳደር ሰው ቢመጣ ምን ትጠይቀው ነበር? እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። የሞቱትን ስም ዝርዝር ታወጣለህ ወይ እለዋለሁ። ከ1983 በኋላ ያ ሁሉ መቶ ሺ ሰራዊት ሲበተን መንገድ ላይ የለመነ ጓደኛ አለኝ፣ እግሩን ናቅፋ ትቶ የመጣ። ያን ችለነዋል። ያልቻልነው መርዶ አለመምጣቱ ነው። ከኔ ምሽግ ብቻ ስማቸውን የማውቃቸው ልጆች አሉ፣ ቤተሰቦቻቸው እስከዛሬ ሞተ ያላቸው የለም። በኋላ በመጡት ጦርነቶችም እንደዛው ሲሆን አየሁ። ይሄን ለማድረግ ወታደር መሆን አያስፈልግም፣ መዝገብ ነው የሚያስፈልገው።

ቆፍጣናው፦
አባቴ ይሄን እኔም እጠይቃለሁ ከዛሬ ጀምሮ። እኔ ልጠይቅ የነበረው ልጅህ የት ነው የሚለውን ነው፣ ሌላውን ልጅ ዝመት ሲል የሱ ልጅ ውጪ አገር ዩኒቨርስቲ ከሆነ በቃኝ።

ለሌሎቻችሁ ግን ሁለት እኩል ሰው ቢመጣልኝ አሁንም ያገለገለውን ነው የምመርጠው፣ ይሄን አልቀየርኩም። የጉለሌው ስለ አክሊሉ ሀብተወልድ ተጨማሪ ካለህ ፃፍልን፣ እኛ ትምህርት ቤት ስማቸውን እንኳን አልሰማንም።

የጉለሌው፦
እፅፋለሁ። ኤርትራ ጉዳይ ላይ ከእንግሊዝና ከጣልያን ጋር የነበረውን ክርክር ብቻ ለብቻው ክር ከፍቼ አመጣዋለሁ፣ ፌዴሬሽኑ በኋላ በ1955 መፍረሱንም ጨምሬ፣ እሱ ላይ እሳቸውንም የሚያስወቅስ ነገር ስላለ።